ፊልሙን ተከራየነው ወይስ ፊልሙ ተከራየን?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ሕጎቹን በቃሉ ያውቃቸዋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም። ካውያ አይሰካም፤ ምጣድማ አይታሰብም። እንግዳ ከመጣ «ስንት ቀን ነው የሚቆየው?» ይባላል። ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ ብቻ ነው፣ ያውም ውኃ ካለ። እንዲህም ሆኖ ግን የትኛውም አከራይ፣ በክፋቱ ሰፈር ያወቀው እንኳን፣ እኩለ ሌሊት ላይ ክፍልህ ገብቶ አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ተከራይ መሆንህን እንደገና አረጋግጥልኝ፤ ካላረጋገጥክ ከአልጋው ውረድ» አይልም።

ላፕቶፕህ ላይ የተከራየኸው ፊልም ግን ይላል።

«ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ስለ ፊልም ኪራይ ይወራል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይወራል። ከፍለን የወሰድነውን ነገር በራሳችን ዕቃ፣ በራሳችን ሰዓት፣ ማንንም ሳናስፈቅድ የመጠቀም መብታችን ቀስ በቀስ እየተሸረሸረ ነው። ፊልም ደግሞ መሸርሸሩ ቁልጭ ብሎ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

የምንከራየው ምንድን ነው?

«ፊልም ኦንላይን ተከራየሁ» ስትል እጅህ የሚገባው ፊልሙ አይደለም። የሚወርድልህ የተቆለፈ ፋይል ነው። ቁልፉ ለብቻው ከኩባንያው ሰርቨር ይመጣና አፑ ውስጥ ይደበቃል። ቁልፉ ላይ ደግሞ ሁለት ቆጣሪ ታስሯል። አንደኛው አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ማየት ካልጀመርክ ገንዘብህ ቀለጠ ማለት ነው። ሁለተኛው ፊልሙን ባስጀመርክባት ቅጽበት ይነሳና አብዛኞቹ ጋ በ48 ሰዓት ያበቃል። አፕል እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2008 ፊልም ማከራየት ሲጀምር (ካልተባለ በቀር ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛው ቆጣሪ 24 ሰዓት ብቻ ነበር። ማታ 3 ሰዓት ጀምረህ መሐል ላይ እንቅልፍ ከጣለህ፣ በማግስቱ ሥራ ውለህ፣ ታክሲ ተሰልፈህ፣ እራትህን በልተህ ቁጭ ስትል ፊልሙ ሄዷል።

ይኼ ሁሉ ስልክ ላይ ሲሆን እንደምንም ይሠራል። ላፕቶፕ ላይ ግን ሌላ ጉድ አለ። ብራውዘር ከፍተህ የተከራየኸውን ፊልም ብራውዘሩ አውርዶ አያስቀምጥልህም፤ ኔት እስካለ ድረስ ብቻ ያሳይሃል። ያለ ኔት ለማየት የኩባንያው አፕ ያስፈልጋል። አፑ ለአንተ ዓይነት ኮምፒውተር የተሠራ መሆን አለበት። ማውረድም የሚፈቅድ መሆን አለበት። ሊኑክስ የምትጠቀም ከሆነ የዚህን አንቀጽ ቀሪ ዝለለው፤ ያሰበህ የለም። በወር ክፍያ የሚያሳየው ኔትፍሊክስ በ2017 የዊንዶውስ አፑ ላይ ማውረድ ፈቅዶ ነበር። በ2024 «አዲስ አፕ» ብሎ መጣና ማውረዱን አነሳው፤ ማውረድ የፈለገ በስልኩ ወይም በታብሌቱ ያውርድ ተባለ። ዊንዶውስን የሚሠራው ማይክሮሶፍት ራሱ በጁላይ 2025 ፊልም መሸጥም ማከራየትም አቁሟል።

አፑም ኖረ፣ ፊልሙም ወረደ እንበል። ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከአሮጌ ፕሮጀክተር ጋር ታገናኘዋለህ፣ ጓደኞችህ ተሰብስበዋል፣ ፈንዲሻው ደርሷል። ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ገመዱ ውስጥ የሚካሄድ የመተማመኛ ምርመራ አለ፤ ፕሮጀክተሩ ምርመራውን የሚያልፍበት ነገር ስለሌለው ፊልሙ ፊቱን ሸፈነ። ፊልሙን ከፍለህበታል። ገመዱ የራስህ ነው። ቤቱም የራስህ ነው። ግን አልተፈቀደም።

ካሴቱ ከሱቁ ሲወጣ

ቪዲዮ ቤትን የሚያስታውሱ ታላላቆቻችን አሉ፤ ጠይቋቸው። መታወቂያ አስይዘህ ካሴቱን ትወስዳለህ። ዴክ ከሌለህ ጎረቤት አለው። ሰፈሩ ተሰብስቦ አንዱን ካሴት ያየዋል፤ ልጆች ምንጣፍ ላይ፣ ትልልቆቹ ሶፋ ላይ። መብራት ከጠፋ ነገ ይታያል። አንድ ቀን ካሳለፍክ ቅጣት አለ፤ ቅጣቱንም ተለማምጠህ ታስቀንሰዋለህ፤ ባለሱቁ ሰው ነዋ። ቪዲዮ ቤት ገነት ነበር እያልኩ አይደለም። ካሴቱ ይቆረጣል፣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ የፈለግከውን ፊልም ሌላ ሰው ወስዶታል። ዋናው ነገር ግን አንድ ነበር፦ ካሴቱ ከሱቁ ከወጣ በኋላ ባለሱቁ የለም። ከማን ጋር እንዳየኸው፣ በየትኛው ቴሌቪዥን እንዳየኸው፣ የቱ ጋ አቁመህ ወጥ ልታማስል እንደተነሳህ አያውቅም። ሊያውቅም አይፈልግም።

ይህ እንዲሁ በቸርነት የመጣ ነገር አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ በ1908 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ መጽሐፍ አሳታሚ መጽሐፉን ከሸጠ በኋላ «ከዚህ ዋጋ በታች እንዳትሸጡት» ብሎ ማዘዝ አይችልም አለ። አንዴ የሸጥከው ቅጂ ከእጅህ ወጥቷል፤ ገዢው ይሸጠዋል፣ ያውሰዋል፣ ያከራየዋል። እዚያ የካሴት ኪራይ ሱቆች የቆሙት በዚህ መርህ ላይ ነበር፤ ካሴቱን ገዙ፣ አከራዩ፣ የስቱዲዮ ፈቃድ አልጠበቁም። በዲጂታሉ ዓለም ግን ቅጂ የሚባል ነገር እጅህ ላይ አይወጣም። «ፈቃድ» ነው የሚሰጥህ። ፈቃድ ደግሞ ሰጪው እንደፈለገ የሚያጥረው፣ የሚያጠብበው፣ ሲያሻው የሚያነሳው ነገር ነው።

«ግዛ» የሚለው ቁልፍ እንኳን ውሸት ሆኖ ቆይቷል። በ2009 አማዞን ከደንበኞቹ ኪንድል ላይ የተወሰነ ኅትመት ቀድሞ የከፈሉበትን መጽሐፍ ከርቀት አጠፋ፤ ከመጻሕፍቱ አንዱ፣ አይ ምፀት፣ የጆርጅ ኦርዌል «1984» ነበር። ካሊፎርኒያ በ2024 ሕግ አውጥታ ሻጩ ሲፈልግ የሚያነሳውን ዲጂታል ዕቃ፣ ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳይናገሩ «ግዛ» እያሉ መሸጥን ከለከለች። ቃሉን ለማስተካከል ሕግ አስፈለገ! ኪራይ ቢያንስ በስሙ ታማኝ ነው፤ «እመልሳለሁ» ብለህ ነው የምትወስደው። ጥያቄዬ በእጅህ ባለበት ጊዜ በእርግጥ በእጅህ ነው ወይ የሚል ነው።

48 ሰዓት የማን ሰዓት ነው?

አንዲት የአክስቴ ልጅ ከዓረብ አገሮች በአንዱ ሰው ቤት ትሠራለች። አሮጌ ላፕቶፕ ገዝታለች፤ እንግሊዝኛ የምትለማመደው በፊልም ነው። የአሠሪዎቿ ዋይፋይ የይለፍ ቃል አልተሰጣትም። በዕረፍት ቀኗ፣ አርብ አርብ፣ ጓደኞቿ በጋራ የተከራዩት ቤት ትሄዳለች፤ እዚያ ዋይፋይ አለ። አንድ ፊልም ትከራያለች፣ ታወርዳለች፣ ላፕቶፑን ዘግታ ትመለሳለች። በሳምንቱ ውስጥ ማታ ማታ፣ ሥራ አልቆ እንቅልፍ እስኪጥላት ያለችው ጊዜ 20 ደቂቃ ናት። የ2 ሰዓት ፊልም በ20 ደቂቃ ስንት ማታ ነው? 6 ማታ። ቆጣሪው ግን ፊልሙን በሁለተኛው ቀን ገደለው። ሦስተኛው ማታ ላይ ከፊልሙ ይልቅ የወጣላት «ፊልሙን ለማየት እንደገና ይከራዩ» የሚል ጽሑፍ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቆጣሪው ሳያልቅ አፑ ራሱ ግትር አለ፦ «ለመቀጠል ከኢንተርኔት ጋር ይገናኙ»። ለምን? የከፈለች መሆኗን ሊያረጋግጥ።

48 ሰዓት የተለካው ለማን ሕይወት ነው? ቅዳሜና እሑድ ያለው፣ ሶፋ ያለው፣ ዋይፋዩ የማይቋረጥ ሰው ሕይወት ነው የተለካው። በፈረቃ ለሚሠራ፣ ሕፃን ለምታሳድግ፣ በመብራት ተራ ለሚኖር ሰው የተለካ አይደለም። ፋይሉ ተጨማሪ 5 ቀን ላፕቶፑ ላይ ቢቀመጥ ኩባንያውን ምን ይጎዳዋል? ቪዲዮ ቤት ካሴቱን ቶሎ መልስ የሚልህ ምክንያት ነበረው፦ ካሴቱ አንድ ነው፣ ሌላ ደንበኛ ይጠብቃል። ዲጂታል ፋይል ወረፋ የለውም። እኔ ጋ ቢያድር ለሌላ ሰው አይጎድልበትም። ወረፋው ጠፍቶ ቅጣቱ ብቻ ቀረ።

እዚህ አገርም «ኔት እኮ አሁን ሁሉም ጋ አለ» የሚል ሰው አይጠፋም። የቅርቡን ብቻ እናስታውስ። በ2020 ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ለሁለት ዓመት ገደማ ከኔት ውጪ ሆነ። በ2023 ኦገስት አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራት። በእነዚያ ጊዜያት ኔት ለጠፋበት ሰው ምን ቀረው? ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው። ጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው ከምንም በላይ ፊልም ያስፈልገዋል እያልኩ አይደለም፤ ግን በጨለማ ቤት፣ በላፕቶፕ ባትሪ ሕፃናት ዙሪያውን ተሰብስበው አንድ ፊልም ሲያዩ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። «ኦፍላይን» ማለት ለእኛ ተጨማሪ ምቾት አይደለም፤ መኖሪያችን ነው። ሰርቨር ሳይጠይቅ የማይከፈት ፊልም መብራትና ኔት በማይጠፋበት አገር ታስቦ የተሠራ ፊልም ነው።

«ሌባ እንከላከል ብለን ነው»

የኩባንያዎቹ መልስ ሁሌም አንድ ነው። ቁልፉ ባይኖር ሁሉም ይገለብጠዋል፣ ሠሪው ይከስራል።

ይህን መልስ በቀላሉ አላልፈውም፤ በአማርኛ ፊልም ላይ የደረሰውን እናውቃለን። ቪሲዲው ገና ከመውጣቱ ግልባጩ አስፋልት ላይ ይዘረጋል። ዛሬም ፊልሙ ቴሌግራም ላይ ተለጥፎ «ሙሉ ፊልም፣ ጥራት ያለው» ተብሎ ይሰራጫል። ፊልም ለመሥራት ቤቱን ያስያዘ ሰው አለ። ስለዚህ «መስረቅ ምን ችግር አለው» የሚለውን ወገን አልደግፍም። ሠሪው መከፈል አለበት። አለቀ።

ግን ቁልፉ ሌባውን ነክቶት ያውቃል? ሌባው እጅ ያለውን ፋይል እዩት። ቆጣሪ የለውም። በየትኛውም ማጫወቻ ይከፈታል፤ የ10 ዓመት ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ፕሮጀክተር አይጠየፍም። ያለ ኔት ለዘላለም ይታያል። አሁን የከፋዩን ፋይል እዩት። ከፋዩ የባሰውን ዕቃ ይዞ ነው ያለው! ቁልፉ በሌባ ቤት በር ላይ የለም፤ ያለው ቲኬት ቆርጦ በገባው ሰው እጅ ላይ ነው፣ እንደ ካቴና። የዲቪዲን ቁልፍ ለመስበር በ1999 የተሠራው ፕሮግራም ላይ አንድ የ15 ዓመት ኖርዌያዊ ታዳጊ እጁ ነበረበት፤ ከሰሱት፣ ፍርድ ቤት በ2003 ነጻ አወጣው። ቁልፉ ከዚያ ወዲህ የሚይዘው መስበር የማይፈልገውን ሰው ብቻ ነው።

«ያለ ቁልፍ ንግድ ይሞታል» የሚለውም ተሞክሮ ታይቷል። ዘፈን ሻጮች ይህንኑ ይሉ ነበር። በጃንዋሪ 2009 አፕል ዘፈኖቹን ያለ ቁልፍ እንደሚሸጥ አስታወቀ። ዘፈን ሞተ? ከዚያም በፊት፣ በ1982፣ የአሜሪካ ፊልም ስቱዲዮዎች ማኅበር መሪ የአገሪቱ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ የቪዲዮ ዴክን በሴቶች ገዳይነቱ ከሚታወቅ ወንጀለኛ ጋር አመሳስሎት ነበር። በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ሰው ቤቱ ቀድቶ በኋላ ቢያይ ችግር የለውም አለ። ስቱዲዮዎቹ አልሞቱም፤ እንዲያውም የካሴት ገበያው ከዋና ገቢዎቻቸው አንዱ ሆነ። ልቅሶውን ሰምተነዋል፤ አስከሬኑን ግን አላየንም።

የ48 ሰዓቱ ነገርም አዲስ አይደለም። በ1998 አሜሪካ ውስጥ ዲቪክስ የሚባል ዲስክ ገበያ ወጣ። 4 ዶላር ከምናምን ትገዛዋለህ፣ ማየት ከጀመርክ በ48 ሰዓት ይዘጋል፤ ማጫወቻው ደግሞ በስልክ መስመር ለኩባንያው እየደወለ ሪፖርት ያደርጋል። ሰው ሳቀበት። ዓመት ትንሽ አለፍ እንዳለው፣ በጁን 1999፣ ሞተ። በ2001 የሚደወልበት ማዕከል ሲዘጋ በሰው ቤት የቀረው ዲስክ የሻይ ማስቀመጫ ሆነ። ያኔ ሰው እምቢ ያለውን ነገር ነው እኛ ዛሬ «እስማማለሁ» ብለን የምንገባበት። የተለወጠው ቢኖር የስልክ ገመዱ የማይታይ መሆኑ ነው።

ታዲያ ጠንካራ ተቃዋሚ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ «ቁልፍ የሌለው ኪራይ እኮ ሽያጭ ነው። መመለሻ የሌለው ነገር እንዴት ይከራያል?» ትክክል ነው። ስለዚህ ቆጣሪ አይኑር አላልኩም። ቆጣሪው ይኑር። ቆጣሪው ፋይሉ ላይ ይሁን፤ እኔ ትከሻ ላይ አይቀመጥ። ቀኑ ሲያልቅ ይዘጋ፤ ቀኑ ሳያልቅ ግን ዝም ይበል።

የእኛ ድርሻ

ይህን የምጽፈው ካሊፎርኒያ ያሉ ኩባንያዎች አማርኛ አንብበው ይደነግጣሉ ብዬ አይደለም። የምጽፈው እዚህ፣ እንዲሁም ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ተቀምጠው፣ የእኛን ፊልም የሚያከራይ አፕ ዛሬ ወይም ነገ የሚሠሩ ልጆች ስላሉ ነው። ምናልባት ይህን ከምታነቡት አንዳችሁ ናችሁ። የእነሱን ቁልፍ እንዳለ እንዳትቀዱት።

ኃይሌ ገሪማን አስቡት። «ሳንኮፋ»ን በ1993 ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም አሉት። ሲኒማ ቤት ራሱ እየተከራየ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ ማኅበረሰቡን እያስተባበረ አሳየው። ዋሽንግተን ውስጥ ከባለቤቱ ጋር በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈተ። ፊልሙ ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በ2021 ነው። እስከዚያ ድረስ በነበሩት 28 ዓመታት ፊልሙ በሕይወት የኖረው በሰው እጅ ነው፤ በካሴት፣ በዲስክ፣ በአዳራሽ። ሰርቨር ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ውል ሲያልቅ አብሮ ያልቅ ነበር።

ከፋይንና ሠሪን ያለ ካቴና ማገናኘት ይቻላል። ቪሜዮ በ2013 ባመጣው የፊልም መሸጫ ከገቢው 90 በመቶው ለሠሪው ይሰጥ ነበር። በ2011 መጨረሻ ሉዊ ሲ ኬ የሚባል አሜሪካዊ ኮሜዲያን አንድ ሙሉ ትርኢቱን ቁልፍ የሌለው ፋይል አድርጎ በ5 ዶላር ከራሱ ገጽ ሸጠ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ 1 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ሊሰርቁት ይችሉ ነበር። በአግባቡ ሲጠየቅ የሚከፍል ሰው ብዙ ነው። የእኛ ሰውም ዕድል አግኝቶ አልተሞከረም፤ ዛሬ ብዙው ሰው የውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሌለው ልክፈል ቢልም በር ላይ ይመለሳል፣ ከዚያ «ሌባ» ይባላል።

ስለዚህ ፊልም አከራይ ነኝ ለሚል ሁሉ፣ ትልቅም ትንሽም ይሁን፣ የምንጠይቀው ይኼ ነው።

የተከራየሁት ፊልም ላፕቶፕ ላይም ይውረድ፤ ስልክ ላይ የሚወርድ ፊልም ላፕቶፕ ላይ የማይወርድበት ምክንያት የለም። ከወረደ በኋላ የኪራዩ ጊዜ እስኪያልቅ ኔት አይጠይቀኝ። ካስጀመርኩት በኋላ ያለው ጊዜ ቢያንስ 7 ቀን ይሁን፤ ሰው ሥራ አለው፣ ልጅ አለው፣ መብራት ይጠፋበታል። በየትኛው ስክሪን እንደማየው እኔ ልወስን። በብር፣ በቴሌብርም በባንክም፣ ልክፈል። ውሉ ደግሞ ሰው በሚገባው አማርኛ፣ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ይጻፍ። ለቤት ኪራይ እንኳን በ2016 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ከ2 ዓመትም አይነስ ተብሏል። የአዲስ አበባን አከራይ በሕግ ማነጋገር ከተቻለ አፕን ማነጋገር አያቅትም።

እስከዚያው እኛ ተከራዮቹስ? ከመክፈላችን በፊት «ላፕቶፕ ላይ ይወርዳል? ያለ ኔት ይከፈታል? ለስንት ቀን?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ካልተጻፈ መልሱ «አይሆንም» ነው፤ ገንዘባችንን እንያዝ። ሠሪው በቀጥታ የሚሸጥበት መንገድ ካለ ከእሱ እንግዛ፤ ገልብጠንም ቴሌግራም ላይ አንልቀቅ፤ የሚታመን ደንበኛ ነን ብለን እየተከራከርን የማንታመን አንሁን። የምንወደው ፊልም በዲስክ ከተገኘ ዲስኩን እንግዛ። ዲስክ አይጠይቅም። ታወጣዋለህ፣ ታስገባዋለህ፣ ታየዋለህ። ከዚያ ለጎረቤትህ ታውሰዋለህ። ጎረቤትህ ላይመልስልህ ይችላል። ያ ግን የአንተና የጎረቤትህ ጉዳይ ነው።